የመጀመሪያው ባለእጅ



በጀመዓችን ውስጥ የሰው ልጅ አመጣጥ ነገር በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ከአንድ ቦታ ይነሳና አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። አንዱ «ሰው ከዝንጀሮ መጣ ማለት ኩፍር ነው» ይላል። ሌላው «ታዲያ ድንቅነሽ ምንድን ናት?» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው «ዐስር ደርሷል፣ ተነሱ» ብሎ ይገላግላል። ብዙዎቻችን ዝግመተ ለውጥን የምናውቀው ከ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ ነው፤ ለፈተና ተሸመደደ፣ ፈተናው ሲያልፍ አብሮ አለፈ። የአደምን (ዐ.ሰ.) አፈጣጠር ደግሞ ገና በልጅነታችን ከመድረሳ ሰምተናል። ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ራስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰላም ሳይባባሉ ዓመታት አልፈዋል።

ሁለቱም ግን አንድ ነገር ላይ ይገናኛሉ፤ የሰው ልጅ ምንጩ አንድ ነው። ይህን በቃል የሚክድ በመካከላችን የለም። የሚካደው በተግባር ነው፤ የሚካድበትም ቦታ ሩቅ አይደለም። ከስድስት ኪሎ ወደ ሰሜን ከፍ ሲሉ፣ ከእንጦጦ ሥር፣ ቀጨኔ አለ። እዚያ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ፣ ብረት የሚቀጠቅጡም አሉ። ለዘመናት የተሰጣቸው ስም ጠይብ፣ ቀጥቃጭ፣ ቡዳ ነው። ከተማው ቡናውን በእነሱ ጀበና ያፈላል፤ የኒካሕ ነገር ሲመጣ ግን «አጥንቱ ምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። በአማርኛ አጥንት ዘርም ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አጥንት ነው፣ በሁለቱም ትርጉሙ።

ከሙዚየሙ አጥንት እንጀምር። በአምስት ኪሎና በስድስት ኪሎ መካከል ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ብዙዎቻችን በየቀኑ በበሩ የምናልፈው ቤት ነው። ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ1974 አፋር፣ ሐዳር ላይ ተገኘች። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ተርፏል። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙ አያልፍም። የዳሌዋና የጉልበቷ አጥንት በሁለት እግር ቀጥ ብላ ትሄድ እንደነበር ያሳያል፤ የዝርያዋ የአንጎል መጠን ግን ከዛሬ ቺምፓንዚ ብዙ አይበልጥም። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ እ.ኤ.አ. በ2000 ዲኪካ ላይ ያገኛት ሰላም የዚያው ዝርያ ሕፃን ናት፣ የ3.3 ሚሊዮን ዓመት። አርዲ ከሁለቱም ትቀድማለች፣ 4.4 ሚሊዮን። ወደ እኛ ስንቀርብ ደግሞ የሔርቶ የራስ ቅሎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 አፋር ውስጥ ተገኙ፤ 160,000 ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል፤ የእኛው ዝርያ ናቸው። ከመካከላቸው የአንድ ሕፃን የራስ ቅል አለ፤ ደጋግሞ በእጅ እንደተያዘ ነገር ገጹ ለስልሷል። የሞተ ልጃቸውን ራስ ይዘው የቆዩ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ኦሞ ኪቢሽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘው አጽም ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ጥናት ከ230,000 ዓመት አላነሰም ተብሏል። ሞሮኮ፣ ጀበል ኢርሁድ ላይ 300,000 ዓመት ገደማ የሆናቸው አሉ።

«ማን ቆጠረው?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ለምህንድስና ተማሪ መልሱ ከሚማረው ፊዚክስ ሩቅ አይደለም። የስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ በተለያየ ዘመን አመድ ተፍቷል። በአመዱ ማዕድን ውስጥ ፖታሺየም-40 አለ፤ ይህ በማይለወጥ ፍጥነት እየበሰበሰ ከፊሉ ወደ አርጎን ጋዝ ይቀየራል፤ ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። ትኩሱ ነገር ሲቀዘቅዝ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። አጥንቱ በሁለት የአመድ ንጣፎች መካከል ከተገኘ ዕድሜው ከታችኛው ያነሰ፣ ከላይኛው የበለጠ ነው። ይህን ሒሳብ ለኒውክሌር ፊዚክስ ፈተና ተቀብሎ ለአፋር አጥንት እንቢ ማለት አያስኬድም።

«ሰው ከዝንጀሮ መጣ» የሚለውንም ሳይንሱ አላለውም። ሰሜን ተራሮች ላይ ሣር የሚግጠው ጭላዳ የማንም አያት አይደለም። የሚባለው ሰውና ቺምፓንዚ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አንድ የጋራ ምንጭ ነበራቸው ነው። መቃወም የሚፈልግ ወንድም የሚባለውን ይቃወም።

የአደም (ዐ.ሰ.) ጉዳይ በወሕይ የመጣ ነው። አብዛኞቹ ዑለማኦቻችን አደም ያለ አባትና እናት በአላህ (ሱ.ወ.) ቀጥታ መፈጠሩ ለሌላ ትርጓሜ ክፍት አይደለም ይላሉ፤ እኛም በዚህ ላይ ነን። የሌሎች ፍጥረታት ዝግመተ ለውጥ ግን ከአቂዳ ጋር አይጋጭም የሚሉ ዓሊሞች አሉ። እንደ ዮርዳኖሷ የባዮሎጂ ምሁር ራና ደጃኒ ያሉ ሙስሊም ሳይንቲስቶች ደግሞ ሰውንም ጨምረው ይቀበላሉ። ይህ ዓሊም ፊት ተቀምጦ፣ አጥንቱንም ኪታቡንም አውቆ የሚጠየቅ ነገር ነው፤ በዶርም ጩኸት አይፈታም። ደግሞ ኢብን ኸልዱን በሙቀዲማው ከማዕድን ወደ ተክል፣ ከተክል ወደ እንስሳ፣ ከዝንጀሮ ወደ ሰው የሚወጣ የፍጥረት ቅደም ተከተል ስለጻፈ «ዝግመተ ለውጥን ሙስሊሞች ከዳርዊን ቀድመው አገኙት» የሚሉ አሉ። ይህ ጉራ ነው። እሱ የጻፈው የደረጃ ሰንሰለት ነው፤ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ያወጣው የተፈጥሮ ምርጫ እዚያ የለም። ከኢብን ኸልዱን ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን ሌላ ነው፦ የጥቁር ሰው ቀለም ከካም እርግማን የመጣ ነው የሚሉ ዘር ቆጣሪዎችን ውድቅ አድርጎ በአየር ንብረት ማስረዳቱ።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እንበል። የእነዚህ ቅሪተ አካላት ሳይንሳዊ ስሞች ብዙዎቹ ከአፋርኛ የተወሰዱ ናቸው። «አርዲ» መሬት ነው፤ «ራሚዱስ» የተባለው ከ«ራሚድ» ሲሆን ሥር ማለት ነው። «ጋርሂ» ያልተጠበቀ፣ የሚያስገርም ነገር ነው። የሔርቶው ሰው «ኢዳልቱ» ተባለ፣ አዛውንት። የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የሰውን ልጅ ጥንት የሚጠሩት በሙስሊም አርብቶ አደሮች ቋንቋ ነው። የአፋር ወንድሞቻችን በየስብሰባው ከኋላ ወንበር ሲቀመጡ ይህን የሚያነሳላቸው የለም።

አሁን ወደ እጅ እንምጣ። በሁለት እግር መሄድ ሲጀመር እጅ ከመንገድ ሥራ ተፈታ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አብዛኛው የእጅ ታሪክ ነው። ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቹ አፋር፣ ጎና ላይ ያጠኗቸው የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል፤ በኬንያ ሎመክዊ የተገኙት 3.3 ሚሊዮን ተብለዋል። ድንጋይን በድንጋይ መትቶ ስለት ማውጣት ቀላል ይመስላል፤ የሚመታበትን ማዕዘን የማያውቅ ሰው ድንጋይ ሰብሮ ይቀራል እንጂ ስለት አያወጣም። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በስተደቡብ መልካ ቁንጡሬ አለ። እዚያ የጥንት ሰዎች ከባልጩት መሣሪያ ይሠሩ ነበር፤ ቦታው እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ታንዛኒያ፣ ኦልዱቫይ ላይ ከእንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ጋር አጥንት ሲገኝ፣ ሉዊስ ሊኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1964 ሆሞ ሀቢሊስ ብለው ሰየሙት። ሆሞ ሰው ነው። ሀቢሊስ በላቲን እጁ የሰለጠነ፣ ሥራ የሚችል ማለት ነው። ወደ አማርኛ ስንመልሰው ቃሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል፦ ባለእጅ። ብረት ሠሪውንና ሸክላ ሠሪዋን ከሰፈር ዳር ለማስቀመጥ ሲጠሩበት የኖሩት ቃል ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ያንን ጥንታዊ ፍጥረት ከሰው ወገን የቆጠሩት አንዱ በእጁ ሥራ ነው፤ እኛ አገር በዚያው ምክንያት ሰውን ከሰውነት ተራ ያወጡታል።

የቀጨኔ እናት የምትሠራውን በምህንድስና ዓይን እንየው። አፈሩን ትመርጣለች፤ ሁሉም አፈር አይሆንም። ታደርቃለች፣ ትወቅጣለች፣ ትነፋለች፣ ውኃ አጠጥታ ታሻለች። ሻካራ ነገር ትቀላቅልበታለች፤ ያ ባይገባበት ሸክላው ሲደርቅና እሳት ሲነካው ይሰነጠቃል። ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጇ ብቻ፣ ዙሪያውን እኩል ውፍረት ታወጣለታለች። በለስላሳ ድንጋይ ታሸዋለች። ከዚያ ደጅ ላይ በእንጨትና በቅጠል ታቃጥለዋለች። ሙቀቱ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በማዕድኑ ውስጥ በኬሚካል የታሰረው ውኃ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ውኃ ውስጥ ቢነከር ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። መለኪያ መሣሪያ የላትም፤ ዓይኗና ልምዷ ነው። እኛ ይህንኑ «ሴራሚክስ» ተብሎ በስላይድ እንማረዋለን፤ አብዛኞቻችን ጭቃ ሳንነካ እንመረቃለን። ብረት የሚያቀልጥ ሰው ዲግሪ ካለው ኢንጂነር፣ ከሌለው ቀጥቃጭ ነው። ብረቱ ግን አንድ ነው።

ቁርኣን የአደምን አፈጣጠር ሲያወሳ አፈርን ያነሳል፣ ጭቃን ያነሳል፣ የጠቆረ ጭቃን ያነሳል። በሱረቱ አር-ራሕማን ደግሞ «ፈኻር» የሚለው ቃል አለ። ይህን ሱራ ያልቀራ የመድረሳ ልጅ አይገኝም። ፈኻር ሸክላ ነው፤ ጀበናው፣ ምጣዱ፣ እንስራው። አላህ (ሱ.ወ.) በምንም አይመሰልም፤ ሸክላ ሠሪዋን ከፈጣሪ ጋር ማነጻጸራችን አይደለም፣ አዑዙ ቢላህ። ግን አላህ የአባታችንን አፈጣጠር ሲነግረን የጠቀሰውን ነገር በእጇ ስለያዘች አንዲትን እናት የሚጸየፍ ሰው፣ ሱራውን ሲቀራ ምን እየሰማ ነበር?

ነቢያቱስ? ብረት የተገራለትና ጥሩር መሥራት የተማረው ዳውድ (ዐ.ሰ.) ነው፤ ይህ በቁርኣን ውስጥ ያለ ነው። ከእጁ ሥራ ይበላ እንደነበር ደግሞ በቡኻሪ ሐዲሥ ተዘግቧል። ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጢ ነበር፤ ሙስሊም ዘግቦታል። ኑሕ (ዐ.ሰ.) መርከብ ሠርቷል፤ ሲሠራም ሕዝቦቹ ይሳለቁበት ነበር። «ቀጥቃጭ» ብሎ የሚሳደብ ሙስሊም ስድቡ የት ድረስ እንደሚደርስ ቢያስብ ምላሱ ይያዝ ነበር።

«የእነሱ ዘር ሌላ ነው» የሚለው አባባል በዚሁ አገር በሳይንስ ተፈትኗል። በደቡብ ኦሞ የአሪ ሕዝብ ውስጥ ገበሬዎችና ብረት ሠሪዎች አሉ፤ አይጋቡም። የሁለቱ ዘረመል ሲመረመር ልዩነት ታየ። ከዚያ በመነሳት ብረት ሠሪዎቹ ገበሬዎቹ ከመምጣታቸው በፊት በቦታው የነበረ የሌላ ሕዝብ ቅሪት ሳይሆኑ አይቀሩም የሚል ግምት ቀረበ። ልክ አገራችን በተለምዶ እንደሚያወራው። እ.ኤ.አ. በ2015 ፕሎስ ጄኔቲክስ በተባለ መጽሔት የወጣ ጥናት ነገሩን በተሻለ ዘዴ መርምሮ ሌላ መልስ አገኘ። ሁለቱ ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ የተለያዩ፣ ከአንድ ምንጭ የወጡ ሰዎች ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው ብረት ሠሪዎቹ ተገልለው በጥቂት ሰው መካከል ብቻ መጋባታቸው ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ከባድ አይደለም። ከትልቅ ከረጢት የተቀላቀለ ቀለም ያለው ጠጠር አሥር ብቻ ዘግናችሁ አውጡ፤ የቀለሙ ድርሻ ከከረጢቱ ጋር አይመሳሰልም። ከዚያች እፍኝ ብቻ የሚቀጥለውን ትውልድ ሥሩ፣ ደግሞም ደጋግማችሁ ሥሩ፤ አንዳንዱ ቀለም ይጠፋል፣ አንዳንዱ ይበዛል። ጠጠሩ ግን ከዚያው ከረጢት ነው። በ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ከዝግመተ ለውጥ መንገዶች አንዱ ተብሎ የተማርነው ነው። የተገለሉት የተለዩ ስለሆኑ አይደለም፤ የተለዩት ስለተገለሉ ነው። ጥናቱ የአሪ ነው፤ የቀጨኔን ሰዎች አልመረመረም። ቢሆንም «ዘራቸው ሌላ ነው» የሚል ሰው ከዚህ በኋላ ማስረጃውን ማምጣት የእሱ ዕዳ ነው።

መገለልን በተመለከተ ደግሞ የእኛም ታሪክ አለ። በሰሜኑ ደጋ ለሙስሊም ርስት አይሰጥም ነበር፤ ስለዚህ አባቶቻችን ወደ ንግድና ወደ ሽመና ዞሩ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን፣ ሙስሊሙና ቤተ እስራኤሉ ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ታዘዘ። ከቀጨኔ ሰዎች ብዙዎቹ ዘራቸውን ከቤተ እስራኤል ጋር ያያይዛሉ። እንግዲህ በአንድ ትእዛዝ አብረው ከአጥር ውጭ የተደረጉ ሰዎች ልጆች ነን። በ1900 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን በሙያው መሳደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ አዋጁ መከራከሪያ ያደረገው የሁሉም ሰው ምንጭ አዳምና ሔዋን መሆናቸውን ነው። ከ100 ዓመት በላይ አለፈው። ስድቡ አሁንም አለ።

በጀመዓው ውስጥ ይህ ሲነሳ ሁለት መልስ ይሰጣል፤ ሁለቱም ከዲን የመጡ ስለሚመስሉ በቁም ነገር እንያቸው።

የመጀመሪያው «ዓይን ሐቅ ነው» የሚል ነው። አዎ፣ ሐዲሡ ሰሒሕ ነው። ግን ሐዲሡ የሚያወራው ስለ ማን ነው? ሰህል ኢብን ሑነይፍን በዓይኑ የመታው ዓሚር ኢብን ረቢዓ ነበር፤ ሁለቱም ሶሓቦች ናቸው። ሲታጠብ ቆዳውን አይቶ ተደነቀ፣ በረካ አልጠየቀለትም። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) የገሠጹት በዚህ ነው። ሙያ የለም፣ ዘር የለም፣ ሌሊት ጅብ የሚሆን ሰው የለም። ከማንም ሰው ሊመጣ የሚችልን ነገር ለአንድ ሰፈር ሕዝብ ብቻ መስጠት ከሐዲሡ ያልመጣ፣ ከመንደር ወሬ የመጣ ነው።

ሁለተኛው ከበድ ይላል፤ የፊቅህ ኪታብ የቀሩ ወንድሞች የሚያነሱት ነው። በኒካሕ ምዕራፍ ውስጥ «ከፋኣ» የሚባል ነገር አለ፣ የባልና የሚስት መመጣጠን። በሻፊዒያና በሐነፊያ ኪታቦች ከመመጣጠኛዎቹ መካከል ሙያ ተቆጥሯል። ይህን መደበቅ አይገባም። ግን ምዕራፉን እስከ መጨረሻው እናንብብ። ፉቀሃዎቹ ጉዳዩን ከየአገሩ ልማድ ጋር አያይዘውታል፤ ለሴቲቱና ለወሊዩ የተሰጠ መብት ነው፣ ሁለቱ ከወደዱ ይተዉታል፣ ኒካሑም ይጸናል። ኢማሙ ማሊክ ዋናውን ነገር በዲን ላይ አድርገውታል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዘይነብ ቢንት ጀሕሽን ነፃ ለወጣው ለዘይድ ኢብን ሓሪሣ ድረዋል። በኑ በያዳ የተባሉትን ጎሣ ደግሞ ከአቡ ሂንድ ጋር እንዲጋቡ አዝዘዋል፤ አቡ ዳውድ ዘግቦታል። አቡ ሂንድ ሥራው ዋግምት ነበር፣ ዐረቦቹ የሚንቁት ሙያ። «ልማዱ እንዲህ ነው» ለሚል ሰው ልማዱን ማን እንደሰበረው ይህ ያሳየዋል። ደግሞስ የትኛው ኪታብ ነው ባለእጅ ሰው ይበላል የሚለው?

ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ክርክር ቢሆን ኖሮ ባልጻፍነው ነበር። ከመካከላችን ሰፈሩን ሲጠየቅ «አዲሱ ገበያ» ብሎ የሚያልፍ አለ፤ ቤቱ ቀጨኔ ነው። ባለፈው ዓመት ዲኑን፣ አኽላቁን፣ ውጤቱን ሁሉም የሚመሰክርለት አንድ ወንድም ሽማግሌ ልኮ፣ ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ የእናቱ ሥራ ሸክላ መሆኑ ሲሰማ ተመለሰ። ልጅቱ ፈቃደኛ ነበረች። ከቤተሰቡ ማንም ስለ ሶላቱ አልጠየቀም። ወንድማችን ከዚያ ወዲህ በደርስ ላይ አልታየም፤ ለምን እንደቀረ ሁሉም ያውቃል፣ የሚያነሳው ግን የለም።

ለጀመዓው ኃላፊዎች ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር የሙዚየም ጉብኝት ይዘጋጅ፤ ከጉብኝቱ በፊት ስለ አደም (ዐ.ሰ.) ጉዳይ የሚያስረዳ ዓሊም፣ ስለ ቅሪተ አካል ደግሞ የሚያስረዳ ሰው በአንድ መድረክ ይቅረቡ፣ ጥያቄም ይፈቀድ። ሁለተኛ፣ የኒካሕ ምክር የሚሰጡ ወንድሞችና እህቶች በዘርና በሙያ የተነሳ እንቢታ ሲገጥም ዝም ብለው እንዳያልፉ፤ ከወሊዩ ዘንድ ኡስታዝ ይዘው ይሂዱ፣ የአቡ ሂንድን ሐዲሥም ይዘው ይሂዱ። ሦስተኛ፣ በረመዷን ለኢፍጧር የሚገዛው ጀበና፣ ሲኒ ማቅረቢያና ድስት ከነጋዴ መሆኑ ቀርቶ ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች በቀጥታ ይገዛ፤ ለምህንድስና ተማሪዎች የአፈር አመራረጡንና የማቃጠሉን ሥራ የሚያሳዩን እነሱ ይሁኑ፣ ለሚያጠፉት ጊዜም እንደማንኛውም አሠልጣኝ ይከፈላቸው። ያንን ወንድም ወደ ደርስ እንዲመለስ የመጠየቁን ነገር ኃላፊዎች እስኪወስኑ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ስልኩ ሁላችንም ጋ አለ።